ደህናው ሰሐን ለማን ይወጣል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በኅዳር አጋማሽ የሚጀመረው የነቢያት ጾም ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ በየቤታችን የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናቶቻችን ቅቤውንና በርበሬውን ከወዲሁ ያሰናዳሉ፤ አባቶቻችን ስለ ዶሮና ስለ በግ ዋጋ ይነጋገራሉ፤ ልጆች ደግሞ በጣታቸው እየቆጠሩ «ስንት ቀን ቀረ?» ይላሉ። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ የምናከብረው የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ለትልቁም ለትንሹም የደስታ ቀን ነው። ይልቁንም የሕፃናት በዓል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ የሰማይና የምድር ጌታ በዚህች ቀን የታየን ሕፃን ሆኖ ነውና።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንነጋገር የወደድነው ስለ በዓሉ ሥርዐትና ታሪክ አይደለም፤ እርሱን መምህሮቻችን በየጊዜው ያስተምሩናል። እኛ ልንናገር ያሰብነው በየቤታችን ስላለው ሕፃን ነው። ይህ ሕፃን ታናሽ ወንድማችን ወይም ታናሽ እኅታችን፣ የአክስታችን ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። በዓል ሲመጣ አዲስ ልብስ እንገዛለታለን፤ ዳቦ እንቆርስለታለን፤ ጠግቦ ሲጫወት አይተን ደስ ይለናል። እንግዲህ መቀበልን በሚገባ እናስተምረዋለን ማለት ነው። መስጠትንስ ከማን ይማራል?

ይህን ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገደደን ባለፈው ዓመት በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። ብናፍርበትም እንደ ሆነው እንነግራችኋለን።

በአዳራሹ የሆነው

እንደምታስታውሱት ከልደት አስቀድሞ ባሉት ሳምንታት ለችግረኛ ቤተሰቦች ልብስ እንሰብስብ ብለን ተስማምተን ነበር። እኛ የበጎ አድራጎት ክፍል አባላት ስድስት ሆነን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ተገናኝተን የመጣውን መለየት ጀመርን። አራት ማዳበሪያ ሙሉ ልብስና ጫማ ስለ መጣ ደስታችን ትልቅ ነበር። ከመካከላችን «ካምናው እጥፍ ነው!» ብሎ ያጨበጨበም አልጠፋም።

ከአባሎቻችን አንዷ በዚያን ቀን ቤት የሚቆይላት ሰው ስላጣች የሰባት ዓመት ወንድሟን ይዛው መጥታ ነበር። ቤተሰቦቹ ማሙሽ ስለሚሉት እኛም ማሙሽ እንለዋለን። ሥራ ፈቶ እንዳይቀመጥ ብለን የልጆቹን ጫማ ጥንድ ጥንዱን እያገናኘ እንዲደረድር አደረግነው። ጥቂት ቆይቶ ሶሉ የተላቀቀ ጫማ በእጁ ይዞ መጣ።

«ይሄ ለማን ነው?» አለ።

«እንዳንተ ላሉ ልጆች» አልነው።

«ውሃ ያስገባል እኮ።»

መልስ ሳንሰጠው ቀረን። ቀጥሎ ክርኑ ላይ የተቀደደ ሹራብ፣ ከዚያም አንገትጌው የነተበ ሸሚዝ እያነሣ አሳየን። በመጨረሻ አንድ ሱሪ ከክምሩ መዞ ወደ እኅቱ ዞረና «ይሄማ ያንቺ ነው፤ ዚፑ ተበላሸ ብለሽ የጣልሽው» አላት። ሁላችንም ሳቅን። እርሱ ግን አልሳቀም። «እማዬ እንግዳ ሲመጣ የምታወጣው ደህናውን ሰሐን ነው። እነዚህ ልጆች እንግዳ አይደሉም?» ብሎ ጠየቀን።

ሳቃችን በዚያው ቆመ። ከእኛ አንዱ «ምንም ከሌለው ይህም ይሻላል» ለማለት ሞከረ፤ ነገር ግን ቃሉ ለራሱም የጣመው አልመሰለንም። ማሙሽ አልተከራከረንም። ወደ ጫማዎቹ ተመልሶ የተበሳውን ለብቻ፣ ደህናውን ለብቻ መደርደር ጀመረ። እኛም ዝም ብለን እንደ እርሱ ስንለይ አመሸን። ሲመሽ ከአራቱ ማዳበሪያ እኛ ራሳችን ለብሰን ደጅ ልንወጣበት የምንችለው አንድ ተኩል ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረውን እኛ ምጽዋት ብለን ጠራነው እንጂ ቤት ማጽዳት ነበር።

ደህናው ሰሐን

ወንድሞችና እኅቶች፤ ሕፃኑ የተናገረውን ነገር በየቤታችን እናውቀዋለን። ቡፌው ውስጥ ከመስተዋት ጀርባ የሚቀመጡ ሰሐኖች አሉ። እኛ የቤት ልጆች በዘወትር ቀን አንነካቸውም። እንግዳ ሲመጣ ግን እናታችን ከፍታ ታወጣቸዋለች፤ አቧራውን ትወለውላለች፤ ከወጡም መልካም መልካሙን መርጣ ታቀርባለች። ከዶሮው ብልት ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክቡር እንግዳ እንደሚሰጥ ማንም ኢትዮጵያዊ ልጅ ሳይነገረው አይቶ ያውቃል። ይህ ልማድ ከየት መጣ ብንል ሥሩ ጥልቅ ነው። አባታችን አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ሳለ ሦስት እንግዶች ሲመጡበት ወደ ከብቶቹ ሮጦ የመረጠው ለስላሳውንና መልካሙን ጥጃ ነበር፤ ሣራንም ከመልካሙ ዱቄት እንድትጋግር አዘዛት (ዘፍ. 18፥6-7)። የእንግዶቹን ማንነት ጠይቆ፣ ደረጃቸውን መዝኖ አልነበረም። በአገራችንም ማታ የመሸበት መንገደኛ በደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲል ማደሪያ የሚሰጠው በዚህ እምነት ነው።

ታዲያ ችግረኛው ሲሆን ለምን ሰሐኑ ይለወጣል? ሕፃኑ ያልገባው ይህ ነው። እኛ ግን ለምደነዋል። እግዚአብሔር በነቢዩ ሚልክያስ አድሮ እስራኤልን የወቀሰው በዚሁ ነገር ነበር፤ ዕውሩን፣ አንካሳውንና የታመመውን እንስሳ ለመሥዋዕት ሲያቀርቡ፣ ለአገረ ገዢያቸው ቢያቀርቡት ይቀበላቸው እንደ ሆነ ጠየቃቸው (ሚል. 1፥8)። ንጉሥ ዳዊትም ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን በነጻ ሊሰጠው ቢወድ፣ ምንም ያላወጣበትን ነገር ለአምላኩ ማቅረብ አልፈቀደም፤ በዋጋ ገዛው (2 ሳሙ. 24፥24)። ለድኃ የተሰጠ ለራሱ ለጌታ እንደ ተሰጠ የሚቆጠር መሆኑን ደግሞ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ነግሮናል። እንግዲህ ያ ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ለማን ቀርቦ እንደ ነበር ማስተዋል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን እንናገር። ያገለገለ ልብስ መስጠት ነውር አይደለም። ታጥቦ፣ ተሰፍቶ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ ተጣጥፎ የተሰጠ አሮጌ ልብስ ብዙዎቻችንን አሳድጎናል፤ የታላቅ ወንድሙን ሸሚዝ ሳይለብስ ያደገ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ጥፋቱ ያለው ከልብሱ ማርጀት ላይ አይደለም። ጥፋቱ «ለእርሱ ይበቃዋል» ከሚለው ሐሳባችን ላይ ነው። ይህች አሳብ በአፋችን ባንናገራትም ሕፃኑ ከእጃችን ላይ ያነባታል።

በቤተ ልሔም የቀረበው

የልደትን ነገር በዚህ ዐይን ብናየው ብዙ እንማራለን። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም የምትወልድበት ሰዓት በደረሰ ጊዜ በእንግዶች ማረፊያ ሥፍራ አልተገኘም (ሉቃ. 2፥7)። ዓለም ለፈጣሪዋ የሰጠችው የተረፈውን ቦታ ነበር፤ ደህናው ክፍል ለሌላ እንግዳ ተይዞ ነበር። እርሱ ግን ለእኛ የሰጠን ከትርፉ አይደለም። ባለጠጋ ሲሆን ስለ እኛ ድኃ የሆነው (2 ቆሮ. 8፥9) ራሱን ሊሰጠን ነው። ይህ ነው የልደት ስጦታ፤ ሌላው ስጦታ ሁሉ የእርሱ ጥላ ነው።

በዚያች ሌሊት ጥቂቶች ደግሞ ካላቸው ሰጥተዋል። እናቱ በመጠቅለያ ጠቀለለችው። አህያና ላም በትንፋሻቸው እንዳሞቁት አበው ያስተምሩናል። እረኞች ሌሊት የሚጠብቁትን መንጋ ትተው ፈጥነው መጡ፤ በደስታቸውም በበትራቸው ተጫወቱ፣ የገና ጨዋታም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ሰብአ ሰገልም ከሩቅ አገር ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው መጡ። ከእነዚህ ሁሉ ለራሱ የማይረባውን ያቀረበ የለም። ላሟ ያላት ትንፋሽ ነበር፤ የሰጠችውም ትንፋሿን ነው።

ሌላው ጥፋታችን

ጥፋታችንን መናገር ከጀመርን አይቀር ሌላም እንጨምር። ከሁለት ዓመት በፊት በልደት ዋዜማ ልብስና ደብተር ለሕፃናት ስናድል በአደባባይ አሰልፈን፣ ስማቸውን በድምፅ ማጉያ እየጠራን፣ ፎቶግራፍ እያነሣን ነበር የሰጠነው። ምእመናን አጨበጨቡልን። ስሙ ከተጠራው መካከል በእኛው ሕፃናት ክፍል የሚማር አንድ ልጅ ነበረ። ቀርቦ ተቀበለ፤ ዐይኑን ግን ከመሬት አላነሣም። ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍሉ አልመጣም። እናቱን ስንጠይቃት «ጓደኞቹ ፊት አፈረ» አለችን። አንድ ሹራብ ሰጥተን አንድ ልጅ አጣን ማለት ነው። ጌታችን ቀኝ የምትሠራውን ግራ አትወቅ ያለበትን ትምህርት (ማቴ. 6፥3) በቃል እናውቀዋለን። ለምን እንዳስተማረን ግን የገባን ያን ልጅ ካጣን በኋላ ነው።

ከምዕራቡ ዓለም መጥቶ በየሱቁ በር በቀይ ልብስ የሚታየው የገና አባት መነሻው የሜራ ጳጳስ ቅዱስ ኒቆላዎስ መሆኑን ብዙ ልጆች አያውቁም። በአራተኛው ምእት ዓመት በዛሬዪቱ ቱርክ ምድር የኖረው ይህ አባት ሦስት ልጆቹን የሚድርበት ላጣ ሰው ገንዘቡን በሌሊት ሰው ሳያየው በቤቱ እንደ ጣለለት በገድሉ ይነገራል። ልጆቻችን ስለ ገና አባት ሲጠይቁን ከመቆጣት ይልቅ ይህን እንንገራቸው። ስጦታው በሌሊት የሆነው ተቀባዩ እንዳያፍር ነው።

ሁለቱ ዳቦዎች

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እኛ ስድስታችን ተነጋገርን። እያንዳንዳችን ለበዓል ልንለብሰው ከምንችለው አንድ አንድ እናምጣ የሚል አሳብ ቀረበ። በቀላሉ አልተስማማንም። «ተማሪዎች ነን፤ ከየት እናመጣለን?» ያለ ነበር፤ እውነቱን ነው። ከእኛ አንዱ ያለው ደህና ጃኬት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱን አልሰጠም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ነገር ግን ሦስት ማታ ሙሉ ልብስ ሲያጥብና ሲተኩስ አመሸ። ሌላዋ በእናቷ የስፌት መኪና የተቀደደውን ሰፋች፤ ቁልፍ የጎደለውን ተከለች። የማሙሽ እኅት ለበዓሉ የገዛችውን ሹራብ አመጣች። ሊጠገን የማይችለውን ለመወልወያ አደረግነው። ማዳበሪያው ከአራት ወደ ሁለት ወረደ። ልብሱ ሁሉ ግን ለእንግዳ የሚሰጥ ነበር።

ማሙሽ ደግሞ በቤቱ ሌላ ክርክር አነሣ። አዲሱን የበዓል ጫማውን ልስጥ አለ። እናቱ እንቢ አሉት። ይህን ስንሰማ መጀመሪያ በእናቱ ልንፈርድ ነበር። ነገር ግን አባቱ ያን ጫማ የገዙት ተበድረው መሆኑን እኅቱ ነገረችን። እናቱ ያሉት እንዲህ ነው፤ «የሰው ላብ አይመጸወትም፤ ጫማው የአባትህ ላብ ነው። የራስህን ላብ ትሰጥ እንደ ሆነ ግን ነገ ከእኔ ጋር ዳቦ ትጋግራለህ።»

በማግስቱ ልጁ ዱቄት ነፋ፤ ውሃ አቀበለ፤ የኮባውን ቅጠል አጠበ። አንድ ድፎ ዳቦ ይጋገርበት የነበረው ዱቄት ጥቂት ተጨምሮበት ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ሲወጡ አንዱ አምሮና ነፍቶ ወጣ፤ ሌላው በአንድ ጎኑ አረረ። እናቱም «በል እንግዲህ፣ የትኛው ለጎረቤት ይሂድ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ሁለቱን አየ፤ ብዙ ቆየ። ያረረውን በጣቱ ነካ አድርጎ «ይሄ የኛ ነው» አለ።

በልደት ጧት ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሰን ማሙሽንና እኅቱን ተከትለን ከመካከላችን ሦስታችን ወደዚያ ጎረቤት ሄድን። እንደ ሰልፈኛ እንዳንታይ ብለን የቀረነው አልሄድንም። ጎረቤቲቱ የልጃቸውን ልጅ የሚያሳድጉ አንዲት አሮጊት ናቸው። ማሙሽ ዳቦውን በፌስታል አልይዝም ብሎ ከቡፌው በወጣው ሰሐን ላይ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር የያዘው። ቤታቸው ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ ከሰል ላይ ጀበና ተጥዷል። «እንኳን አደረሳችሁ፣ ግቡ ልጆቼ» ብለው ተቀበሉን። ልጁ ሰሐኑን ሰጣቸው። ዳቦውን አይተው መረቁት፤ ቆርሰው ለእኛም ሰጡን። የሄድነው ልንሰጥ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጋበዙን። ማሙሽና የእርሳቸው የልጅ ልጅም ዳቦ በእጃቸው እንደ ያዙ ወደ ደጅ ለገና ጨዋታ ሮጡ።

ልንወጣ ስንል እማማ ሰሐኑን አጥበው «በበዓል ቀን የሰው ሰሐን ባዶውን አይመለስም» አሉና ቆሎ ሞሉበት። ማሙሽ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ «አይ እማማ፣ እኛ ቤት አለ» አለ። እኛም እንደዚያው ልንል ነበር፤ የሌላቸውን የወሰድንባቸው መስሎናልና። እኅቱ ግን ጎንበስ ብላ «ተቀበል፤ በሁለት እጅህ ተቀበል» አለችው። ተቀበለ። የእማማ ፊት ያን ጊዜ እንዴት እንደ በራ ልንገልጸው አንችልም። ዳቦውን ሲቀበሉ እንኳ እንዲህ አልበራም። ድኃ የሚሰጠው የለም ብሎ ማሰብም ሰውን ማዋረድ መሆኑን በዚያች ሰዓት ተማርን። ሰጪ ብቻ ሆኖ መኖር የሚወድ ሰው ገና መስጠትን አልተማረም። ጌታችን ራሱ ከሳምራዊቷ ሴት ውሃ ለምኗል፤ ሁለት ሳንቲም የሰጠችውን መበለትም ከሁሉ አብልጦ አመስግኗል (ማር. 12፥43)።

በዚያን ቀን በማሙሽ ቤት ያረረው ዳቦ በባራኪው ፊት ቀረበ። አባቱ ባርከው ሲቆርሱ «ዘንድሮ ዳቦአችን ጎኑ ጠቁሯል» ብለው ሳቁ። ነገሩን ሲሰሙ ግን ዝም አሉና ያረረውን ጎን ለራሳቸው ወሰዱ።

ሕፃኑን በመስጠት ሥራ ማስገባት

በመጽሐፈ ጦቢት አንድ ታሪክ አለ። ጦቢት በበዓል ቀን መልካም ማዕድ በቀረበለት ጊዜ ሳይቀምስ ልጁን ጦብያን ላከው፤ ከወገኖቻቸው ችግረኛ የሆነውን ፈልጎ አብሮት እንዲበላ እንዲያመጣለት ነው (ጦቢ. 2፥1-2)። እዚህ ላይ የምናስተውለው፣ አባት ራሱ መሄድ ወይም ሌላ ሰው መላክ ሲችል ልጁን መላኩን ነው። ልጁ በእግሩ ሄደ፤ በዐይኑ ፈለገ። በኋላ በምዕራፍ 4 አባቱ ስለ ምጽዋት ሲመክረው ጦብያ የማያውቀውን ነገር አልሰማም፤ አስቀድሞ በእግሩ የተማረውን ነው የሰማው።

አምስቱን የገብስ እንጀራና ሁለቱን ዓሣ ይዞ የተገኘውም አንድ ብላቴና እንደ ነበር ወንጌላዊው ዮሐንስ ነግሮናል (ዮሐ. 6፥9)። ሐዋርያት ለዚህ ሁሉ ሰው ምን ይበቃል ብለው ነበር። ጌታ ግን የሕፃኑን ስንቅ አልናቀም፤ በእርሱ ብዙ ሺሕ ሰው አጠገበ። እንግዲህ ሕፃን ምን አለው አንበል። ሕፃን ያለውን ከእጁ የሚቀበለው ሲያጣ ነው ስስታም ሆኖ የሚያድገው።

ስለዚህ ለዘንድሮው የልደት በዓል፣ በየቤታችን ታላቅ ወንድምና ታላቅ እኅት የሆንን ሁሉ እነዚህን እናድርግ እንላለን።

አንደኛ፣ ለሌላ ሰው የምናዘጋጀውን ሕፃኑ እያየ እናዘጋጅ፤ የምንሰጠውም እኛ ብንቀበለው የማናፍርበት ይሁን። ልብስ ከሆነ ይታጠብ፣ ይሰፋ፣ ይተኮስ። ምግብ ከሆነ ሳይተርፍ በፊት ከድስቱ ይቀነስ።

ሁለተኛ፣ ሕፃኑ ከራሱ ድካም አንድ ነገር ይጨምርበት። ዱቄት ይንፋ፤ ሽንኩርት ይላጥ፤ ዕቃ ይሸከም። ወላጆች በብድርና በላብ ያመጡትን አስጥለን ልጁን ለጋስ አናሰኘው፤ ያ የእርሱ ስጦታ አይደለምና።

ሦስተኛ፣ ሲሰጥ ሰልፍ፣ ድምፅ ማጉያና ፎቶግራፍ አይኑር። ወደ ጎረቤት ቤት እንደ ዘመድ እንግባ፤ እንኳን አደረሳችሁ እንባባል፤ ካቀረቡልን እንቅመስ፤ ቡና ከተፈላ እንጠጣ። ከቤቱ ልጅ ጋርም ልጃችን ይጫወት።

አራተኛ፣ የሚሰጡንን በሁለት እጃችን እንቀበል፤ ሕፃኑም እንዲቀበል እናስተምረው።

አምስተኛ፣ ነገሩ በልደት ቀን ተጀምሮ በልደት ቀን አይለቅ። ጎረቤት በጥር ወርም ጎረቤት ነው፤ ቡፌውም በጥር ወር ይከፈታል።

ስለዚያ ስሙ ተጠርቶ ስላፈረው ልጅ ትጠይቁን ይሆናል። ቤቱ ሄደን እናቱንና እርሱን ይቅርታ ጠይቀናል። ወደ ክፍሉ ገና አልተመለሰም። ማሙሽ ግን አልፎ አልፎ ሄዶ ኳስ ይጫወታሉ። ጸሎታችሁ አይለየን፤ ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ቢኖር ስለ ልብሱ ሳያነሣ ሰላም ይበለው።

በቤተ ልሔም ከበረት የተወለደ አምላካችን ዘንድሮም በየደጃችን ያልፋል። ትክክለኛ አድራሻውን ነግሮናል፤ በተራበው፣ በታረዘው፣ በእንግዳው ዘንድ ነው። ማዕዳችንን ስንዘረጋ በቤታችን ያለው ሕፃን ዝም ብሎ ያየናል። የትኛው ዳቦ ወደ ደጅ እንደሚወጣ፣ የትኛው ሰሐን ከቡፌ እንደሚወርድ ያያል። ከሃያ ዓመት በኋላ በራሱ ቤት የሚያደርገው ዛሬ ያየውን ነው።

በልደቱ ብርሃን ልባችንን የሚያበራ አምላክ መልካሙን መርጦ የሚሰጥ እጅ ይስጠን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ በረከት አይለየን። በሰላም አድርሶ በሰላም ያስፈጽመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።